ራሽ ማንንም አልከዳም

የራሽ አድናቂዎች በተገናኙ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ «ባንዱ ያበቃለት በ1982 ነው» ይላል። ሌላው «እኔማ የወደድኳቸው ከዚያ ወዲህ ነው» ብሎ ይመልሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የጠቡ መነሻ ኪቦርድ ነው። ይህ የካናዳ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ዘፈኖች የሚወድ የሮክ ዓይነት) ባንድ በ1980ዎቹ ጊታሩን ወደ ኋላ፣ ሲንተሳይዘሩን (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረውን ኪቦርድ) ወደ ፊት አመጣ። ብዙ የድሮ አድናቂዎች ነገሩን እንደ ክህደት ቆጠሩት። እኔ በዚህ አልስማማም። ወደ ኪቦርድ የወሰዳቸው አድናቂዎቹ የሚወዱላቸው ያው እልህ ነው።

እስቲ ወደ 1975 እንመለስ። ባንዱ ሦስት ሰው ነው። ጌዲ ሊ ቤዝ እየተጫወተ ይዘፍናል። አሌክስ ላይፍሰን ጊታር ይጫወታል። ኒል ፒርት ድራም ይመታል፣ አብዛኛውን ግጥም የሚጽፈውም እሱ ነው። በዚያ ዓመት ያወጡት «ካረስ ኦፍ ስቲል» የተባለ አልበም ገበያው ላይ ወደቀ። ተከትሎ የመጣውን የኮንሰርት ጉዞ ራሳቸው «የውድቀት ጉዞ» ይሉት ነበር። አሳታሚው ኩባንያ «ረጃጅሙ ይቅርና ለሬዲዮ የሚሆን አጭር ዘፈን አምጡ» የሚል ግፊት አበዛ። እነሱ ግን ከወደቅን አይቀር በራሳችን ሥራ እንውደቅ ብለው ቆረጡ። በ1976 «2112»ን ይዘው ብቅ አሉ። የሸክላው አንድ ፊት ሙሉውን አንድ ዘፈን ነው፣ ሃያ ደቂቃ የሚያልፍ። ታሪኩ ካህናት ሁሉን በሚቆጣጠሩበት የወደፊት ዓለም ጊታር ስላገኘ ሰው ነው። አልበሙ ተሸጠ። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ እጁን ሰበሰበ።

ይህን ታሪክ የማይወድ የራሽ አድናቂ አላውቅም። ሁሉም በኩራት ያወራዋል። ታዲያ ያ ነጻነት ለምን ነበር? አንድን ነገር ዕድሜ ልክ ለመደጋገም አልነበረም። በ1978 «ሄሚስፊርስ»ን ሲሠሩ አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን አድክሟቸው ነበር። ያ መንገድ እንደበቃቸው ራሳቸው ተናግረዋል። በ1980 ዘፈኖቹን አሳጠሩ፣ ሬጌም ቀላቀሉበት። በ1981 «ሙቪንግ ፒክቸርስ» መጣና ከሁሉም በላይ ተሸጠላቸው። እዚህ ላይ ቆመው ያንኑ አልበም በየዓመቱ ቢሠሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እነሱ በ1982 «ሲግናልስ»ን አወጡ።

የዚህ አልበም የመጀመሪያ ዘፈን «ሰብዲቪዥንስ» ገና ሲጀምር ሲንተሳይዘር ነው። ግጥሙ በከተማ ዳርቻ ሰፈር አድጎ ከእኩዮቹ መመሳሰል ያቃተውን ልጅ ይናገራል። ስለ ካህናትና ስለ ሌላ ዓለም ሲጽፍ የኖረው ፒርት እዚህ ጋ ወደ ቀረበ ነገር መጣ። በእኔ ጆሮ ከጻፋቸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። በ2012 ጉዟቸው ኮንሰርቱን የከፈቱት በዚሁ ዘፈን ነው። ሕዝቡም ቃል በቃል አብሮ ይዘፍነው ነበር።

ለውጡ ዋጋ አላስከፈለም አልልም። ላይፍሰን ጊታሩ ቦታ እያጣ መሄዱ እንደከበደው በግልጽ ተናግሯል። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ፕሮዲዩሰራቸው የነበረው ቴሪ ብራውንም ከ«ሲግናልስ» በኋላ ተለያቸው። የ1987ቱን አልበም ስሰማ እኔም ጊታሩ ይናፍቀኛል። ግን «ጊታሩ ናፈቀኝ» ማለትና «የድሮውን ድገሙልን» ማለት ይለያያሉ። ሁለተኛው በ1975 ኩባንያው ያቀረበው ጥያቄ ነው። የተሸጠውን አምጡ ነው ነገሩ። አድናቂ ሲጠይቀው ትክክል አይሆንም።

አድናቂዎች ትክክል የሆኑበት ጊዜም አለ። ፒርት በ1997 ልጁን በመኪና አደጋ አጣ። ዓመት ሳይሞላ ባለቤቱን ካንሰር ወሰደበት። ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ሰሜን አሜሪካን ዞረ፤ ባንዱም ዝም አለ። በ2002 «ቬፐር ትሬይልስ»ን ይዘው ሲመለሱ ኪቦርድ ጨርሶ አልነበረም። ጊታር ብቻ! ግን ድምፁ ከልክ በላይ ተጯጩሆ ነበር የወጣው፣ ጆሮ ይሰነጥቃል። አድናቂዎች አጥብቀው ቅሬታ አሰሙ፤ ባንዱም ጉድለቱን ተቀብሎ በ2013 አልበሙን እንደገና ሚክስ አስደርጎ (የድምፆቹን ሚዛን አስተካክሎ) አወጣው። ያ ቅሬታ «የሠራችሁትን በደንብ አሰሙን» የሚል ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኔም እፈርምበታለሁ።

ፒርት በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ዓለም ከምርጥ ድራመሮች ተርታ ባሰለፈው ሰዓት፣ ፍሬዲ ግሩበር ከተባለ የጃዝ መምህር ዘንድ ሄዶ ተማረ። የዱላ አያያዙን ሳይቀር ቀየረ። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ባንድ እንዴት ባለበት ይቆማል?

ፒርት በጥር 2020 አረፈ። ሊ እና ላይፍሰን በ2026 ጀርመናዊቷን ድራመር አኒካ ኒለስን ይዘው መድረክ እንደሚወጡ ሲያስታውቁ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። አንዳንዱ የፒርትን እያንዳንዱን ምት እንዳለ እንድትደግመው ይፈልጋል። እኔ የራሷን እንድትጫወት ነው የምፈልገው። ፒርትም በ1974 ባንዱን ሲቀላቀል፣ በመጀመሪያው አልበም ላይ ድራም የመታው ከእሱ በፊት የነበረው ጆን ሩትሲ ነበር። የመጀመሪያው የአሜሪካ ጉዞ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ያኔ «እንደ ሩትሲ ምታ» ብለውት ቢሆን ኖሮ «2112» የሚባል ነገር ባልሰማን ነበር።