ለባቡር ጥናት የሚወጣ ገንዘብ፦ ከኮምቦልቻና ከደሴ የተጻፈ ክርክር

ካናዳ ከቶሮንቶ እስከ ኬቤክ ሲቲ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር ለመዘርጋት አስባ፣ ለዕቅዱና ለንድፉ ብቻ በ6 ዓመት ውስጥ 3.9 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር እንደምትመድብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 አስታውቃለች። እንዲህ ያለው ወጪ በእንግሊዝም በአውስትራሊያም ግብር ከፋዩን ሲያስቆጣ ኖሯል፤ ሐዲድ ተነጥፎለት መደበኛ የባቡር አገልግሎት ባላየው በእኛ ወሎ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ቁስል ይነካል። ከዚህ በታች የሚከራከሩት በኮምቦልቻ የቆርቆሮና የብረት መደብር ያላቸው ነጋዴ እና በመንገድ ቅየሳ ሥራ ዕድሜያቸውን አሳልፈው ጡረታ የወጡ የደሴ ነዋሪ ናቸው። የቀረበላቸው ጥያቄ መንግሥት ገና ላልተጀመረ ባቡር ጥናት ብዙ ገንዘብ ማውጣቱ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው።

ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ባለፈው እሑድ ሐዲዱ ወዳለበት ወጣ ብዬ ነበር። ድልድዩ ቆሟል፣ ጠጠሩ ተደልድሏል፣ ብረቱ ግን ዝጎ እጅ ሲነካው ቡናማ ዱቄት ይተዋል። አንድ እረኛ ልጅ ፍየሎቹን በሐዲዱ ላይ እየነዳ አለፈ፤ ዕድሜውን ስጠይቀው 11 አለኝ። ውሉ ሲታሰር አልተወለደም ማለት ነው።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር ከቱርኩ ኩባንያ ከያፒ መርከዚ ጋር በ2004 ዓ.ም. በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ታስሮበት፣ በ2007 ዓ.ም. ቁፋሮው ተጀመረ። ገንዘቡ በአብዛኛው ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርካችን ሲመረቅ ባቡሩ ደጁ ድረስ እንደሚመጣለት ተነግሮን፣ እኔም ያን አምኜ መጋዘኔን አስፋሁ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃይሉ አልደርስ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የባቡሩም ንብረት ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ዛሬም ዕቃዬ ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ በኩል በተሳቢ ነው የሚመጣው፤ ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ኪራዩ ይጨምራል፣ እኔም በቆርቆሮው ላይ እጨምራለሁ፣ የሚከፍለው ቤት የሚሠራው ሰው ነው።

ታዲያ ስለ አዲስ መስመር ጥናት፣ ይባስ ብሎም ስለ ፈጣን ባቡር ሲወራ ስሰማ የሚያናድደኝ ቅናት አይደለም። አውስትራሊያን ይመልከቱ። ስለ ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ስታስጠና ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ከብሪስበን በሲድኒ እስከ ሜልበርን 1,748 ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት 114 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚያስፈልግ ነገራት፤ በ2023 ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈጣን ባቡር የሚሄድበት አንድ ኪሎ ሜትር የላትም። ለሕዝቡ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል፤ አማካሪዎቹ ግን ወተቱን በየዓመቱ ጠጥተዋል። እንግሊዞችም ከበርሚንግሃም ወደ ማንቸስተር ይቀጥላል ባሉት የፈጣን ባቡር ክፍል ላይ ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ካወጡ በኋላ በ2023 ሰርዘውታል።

እኔ በንግድ ዓለም የማውቀው ሕግ አለ፤ ዕቃው ካልደረሰ ክፍያው አይለቀቅም። በጥናት ላይ ግን ሐዲዱ ቢነጠፍም ባይነጠፍም አጥኚው ክፍያውን ያገኛል፤ ትንበያው በ3 እጥፍ ቢሳሳትም የሚጠየቅ የለም። ሹሙም «እየተጠና ነው» ሲል ሥራ የሠራ ይመስላል። ስለዚህ የተነጠፈው ሐዲድ ሥራ ሳይጀምር ለሌላ ጥናት ገንዘብ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።

ከደሴ

እኅቴ፣ በሐዲዱ ላይ ያዩት ዝገት እኔንም ያመኛል። ከእርስዎ የምለየው መድኃኒቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከራሴ ሥራ ልነሣ። ወጣት ቀያሽ ሳለሁ፣ በተራራ ወገብ ላይ በሚያልፍ አንድ መንገድ ላይ ተመድቤ ነበር። የድጋፍ ግንብ ከሚቆምበት ቦታ ላይ የአፈር ናሙና በቁፋሮ እንዲወሰድ ብንጠይቅም፣ በጀት የለም፣ ጊዜም የለም ተብሎ በ3 ጉድጓድ ፋንታ አንድ ብቻ ተቆፈረ፤ እርሱም ደህና ድንጋይ ላይ ዐረፈ። ግንቡ ቆመ፣ ተመረቀ። በሁለተኛው ክረምት ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግንቡን እንደ በር ገፍቶ ወደ ገደል ከተተው። እንደገና ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ከተዘለለው ቁፋሮ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ለወረቀት ገንዘብ አይባክን» ሲባል ስሰማ ያ ግንብ ነው ዐይኔ ላይ የሚመጣው።

አሁን እርስዎ የጠቀሷቸውን አገሮች ከሌላ ጎናቸው እንያቸው። በእንግሊዝ የለንደን–በርሚንግሃሙ ፈጣን ባቡር ግንባታ እንዲቀጥል እ.ኤ.አ. በ2020 ሲፈቀድ ንድፉ ገና አልበሰለም ነበር፤ ወጪው የናረበት አንዱ ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ ሕዝቡ ስለ ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2008 ድምፅ ሲሰጥ ባቡሩ 33 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መሬቱ በቅጡ በእጅ ሳይገባ፣ የውሃና የመብራት መስመሮች የሚነሡበት ሁኔታ ሳይቋጭ ቁፋሮ ተጀመረ፤ ተቋራጮቹ መሬት እስኪሰጣቸው የቆሙበትን ጊዜ አስከፈሉ፤ ዛሬ ግምቱ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ለጥናት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ይመስላል እንጂ ከግንባታው አንጻር ጥቂት ነው፤ በካርታ ላይ ያለን ስሕተት በላጲስ ማጥፋት ይቻላል፣ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን በድማሚት ነው።

ለባቡር ደግሞ ጥናት ከመንገድ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። አይሱዙ የሀረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። የብረት ጎማ በብረት ላይ የሚሽከረከርበት ባቡር ግን በ1,000 ሜትር ርቀት ከጥቂት ዐሥር ሜትሮች በላይ መውጣት አይችልም፤ ሐዲዱ በእርስዎ ከተማ አልፎ የኛን በጦሳ ተራራ ሥር ትቶ የሄደበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር የሚሆን ጥምዝማዜ ራዲየሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ኪሎ ሜትር አያንስም። በእኛ አገር ተራራ ይህን ያለ ብዙ ዋሻና ድልድይ ማግኘት አይቻልም፤ ዋሻው ድንጋይ ይሁን ጭቃ የሚወጣው ደግሞ ሳይቆፈር አይታወቅም። ፈጣን ባቡር ለኢትዮጵያ ዛሬ አያስፈልግም የሚል ሰው እንኳ፣ አያስፈልግም ለማለት ጥናት ያስፈልገዋል።

የኮምቦልቻው ሐዲድ የቆመው ጥናት በዝቶበት አይደለም። ሐዲዱን የሠራው ሌላ፣ ኃይሉን የሚያመጣው ሌላ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን እንዲገናኙ የሚያደርግ ዕቅድ ግን ጎደለ።

ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ የግንቡ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ እንዳሉትም አምናለሁ። የመጨረሻዋ አንቀጽዎ ግን ለእኔ የምትመሰክር ናት።

መስመሩ ከመጀመሪያው በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታሰበ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ ለማወቅ የትኛው አማካሪ፣ በስንት ሚሊዮን ዶላር መቀጠር ነበረበት? ይህ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ያደረ ነገር ነው። የጎደለው ወረቀቱን ይዞ «የማከፋፈያ ጣቢያው የት ደረሰ?» ብሎ በየወሩ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት አዲስ ጥናት አይሞላውም፤ እንዲያውም አዲስ ጥናት ሲመጣ ሁሉም ዐይኑን ወደ አዲሱ ያዞርና አሮጌው ይረሳል።

ሌላም አለ፤ እርስዎ ቀያሽ ስለሆኑ ይረዱኛል። ጥናት ጉዳት የለውም፣ በካርታ ላይ ብቻ ነው ይባላል። የአክስቴን ግቢ ላሳይዎ። ከዓመታት በፊት የጥናት ሰዎች መጥተው ከማድ ቤቷ ጀርባ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ካስማ ተክለው ሄዱ። ምን እንደሆነ በቅጡ የነገራት የለም። ልጇን ስትድር ጓሮዋ ላይ ሁለት ክፍል ልትሠራ ፈቃድ ጠየቀች፤ «ወሰን ውስጥ ነሽ» ተባለች። ካሳ ስትጠይቅ «መስመሩ ገና አልጸደቀም» ተባለች። ሁለቱንም መልስ የሰጣት ያው አንድ ቢሮ ነው። ልጇ በኪራይ ቤት ተዳረች፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ ካስማው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አክስቴ ልብስ የምታሰጣበትን ገመድ ታስርበታለች። የዚህችን ሴት ወጪ የትኛው የጥናት በጀት ውስጥ ጻፉት? በእንግሊዝም ይሄዳል በተባለው መስመር ላይ ብዙ ቤትና እርሻ ተገዝቶ ባለቤቶቹ ከለቀቁ በኋላ ነው መስመሩ የተሰረዘው።

ከደሴ

ስለ ካስማው የምከራከርበት አፍ የለኝም። እኔ ራሴ በሕይወቴ ስንቱን ተክዬ ተመልሼ ሳላየው እንደቀረሁ አሁን ማሰብ ጀመርኩ። ጥናት የሚያበቃበት ቀን ሊቆረጥለት ይገባል፤ ቀኑ አልፎ ካልጸደቀ ካስማው ይነቀል፣ ባለይዞታውም በጽሑፍ ነጻ ይደረግ፤ ታግዶ ለቆየበት ዘመንም ይከፈለው። ይህን ከእርስዎ ጋር ቆሜ እጠይቃለሁ።

ጥናቱ ይቁም የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ምክንያቴም የራሳችን ውል ነው። በመስመራችን ላይ ንድፉንም ግንባታውንም የያዘው ተቋራጩ ነበር። እንዲህ ባለ ውል ባለቤቱ የራሱ ጥናትና የራሱ ባለሙያ ከሌለው፣ ተቋራጩ «እዚህ ድልድይ ያስፈልጋል» ሲል አዎ ከማለት በቀር ምን ይላል? እርስዎ ብረት ሲረከቡ ሚዛኑን ራስዎ ያዩ የለ? ለመንግሥትም ጥናት ማለት ያ ሚዛን ነው። ሚዛን ለመግዛት የሰሰተ ነጋዴ በየጭነቱ ይጎድልበታል። ጥናት ሲቋረጥ ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቦታውን በእግራቸው ያወቁት ባለሙያዎች ይበተናሉ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ አማካሪ መጥቶ ያንኑ ተራራ እንደ አዲስ ይለካል። አውስትራሊያን የጎዳት ይኸው መጀመርና ማቆም ይመስለኛል።

ሞሮኮን አይርሱ። ፈጣን ባቡር ስታቅድ የገዛ ዜጎቿ ገንዘቡ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ይዋል ብለው ተቃውመው ነበር። ቀጠለችበት፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ከታንጀር እስከ ከኒትራ 186 ኪሎ ሜትር በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር አስመረቀች፤ ከታንጀር ካዛብላንካ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጉዞ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆነ።

ከኮምቦልቻ

ሞሮኮን ያነሡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ሞሮኮ ፈጣኑን ስታቅድ ካዛብላንካ ላይ ቀድሞውኑ በየቀኑ የሚሄድ ባቡር ነበራት። ትኬት የሚቆርጥ፣ ሐዲድ የሚያጠብቅ፣ የተበላሸ ሞተር የሚፈታ ሠራተኛ ነበራት፤ ሕዝቡም በዐይኑ ያየውን ነው እንዲፈጥንለት የጠየቀው። እኛም ዘንድ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መስመር ይሠራል፤ የኛው ሐዲድ የሚጋጠመው አዋሽ ላይ ከእርሱ ጋር ነው። እስከ አዋሽ ለመድረስ የሚጎድለን ምን እንደሆነ እየታወቀ ስለ ሌላ መስመር ማጥናት፣ ከርሞም ሌላ ሐዲድ ፍየል የሚነዳበት እንዲሆን ማድረግ ነው።

የሚዛኑን ነገር ተቀብያለሁ፤ ባለቤት የራሱ ዐይን ይኑረው። ቅደም ተከተሉን ግን አልለቅም፤ ከኮምቦልቻ አዋሽ አንድ የጭነት ባቡር ደርሶ ሳይመለስ ለአዲስ መስመር ጥናት አንድ ብር አይውጣ።

ከደሴ

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያ የጭነት ባቡር ከመነሣቱ በፊት በጦርነቱ ምን እንደተዘረፈ፣ በዝናብ የትኛው ሙሌት እንደተሸረሸረ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚያሠጋ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ በእግር ተሂዶ ሜትር በሜትር መታየት አለበት። እርሱም ጥናት ነው፤ ገንዘብም ይፈልጋል። ይፈቅዱታል?

ከኮምቦልቻ

እርሱን ዛሬውኑ እፈቅዳለሁ፤ ከእኔ ግብርም ይቆረጥ። የሚመጡት ሰዎች ግን ሲጨርሱ ያገኙትን እዚሁ ኮምቦልቻ ላይ በአማርኛ ለሕዝብ ያንብቡ፤ ሲመለሱም በአክስቴ ጓሮ በኩል ይለፉና ካስማውን ይንቀሉላት።