ድራይቨሩ መሣሪያውን ስንት ጊዜ ይፈልጋል?

የሊኑክስ ድራይቨር (መሣሪያን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ጽፎ መሣሪያዎቹን በሊንክድ ሊስት (አንዱ ቀጣዩን በሚጠቁም ሰንሰለት) የደረደረ ሰው ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ይበቃል።» ሌላው ደግሞ ሊስት ቀርፋፋ ነው ብሎ ሃሽ ቴብል (ከቁልፉ ቦታውን የሚያሰላ ሰንጠረዥ) ይገነባል። ሁለቱም ከመሃል ነው የጀመሩት። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፍለጋው ስንት ጊዜ ይካሄዳል የሚለው ነው። ቀጥሎ፣ የተገኘው መሣሪያ እጃችን ላይ እያለ ማን ሊያጠፋው ይችላል? ሊስት ወይስ ሃሽ የሚለው ጥያቄ ተራው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ፕሮግራም የካራክተር ዲቫይስ ፋይል (መሣሪያን የሚወክል ፋይል) ሲከፍት ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ በእጁ ያለው አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው፦ 12 ቢቱ ሜጀር (ድራይቨሩን የሚለይ)፣ 20 ቢቱ ማይነር (መሣሪያውን የሚለይ)። በዚህ ቁጥር ሲዴቭ የሚባለውን ስትራክት (ካራክተር መሣሪያን የሚወክል የመረጃ ጥቅል) 255 ረድፍ ካለው ሰንጠረዥ ፈልጎ ያገኝና ፖይንተሩን (የሜሞሪ አድራሻውን) አይኖዱ ላይ፣ ማለትም ከርነሉ ስለ ፋይሉ በያዘው መዝገብ ላይ፣ ያስቀምጠዋል። አይኖዱ ሜሞሪ ውስጥ እስካለ ድረስ ያው ፋይል ደግሞ ሲከፈት ሰንጠረዡ አይነካም። ድራይቨሩ ሲዴቩን በራሱ ስትራክት ውስጥ ካስቀመጠው ሥራው ይበልጥ ይቀላል። ሲዴቩ ከስትራክቱ መጀመሪያ 64 ባይት ላይ ከሆነ፣ ኮንቴይነር ኦፍ የተባለው ማክሮ ከአድራሻው 64 ይቀንሳል፤ መሣሪያው ተገኘ። ሊስትም ሃሽም አላስፈለገም።

የተገኘው ፖይንተር በተከፈተው ፋይል ፕራይቬት ዳታ (ለድራይቨሩ በተተወ ቦታ) ላይ ይቀመጣል። ንባብ፣ ጽሕፈትና አዮክትል (ለመሣሪያው ልዩ ትእዛዝ መስጫ ጥሪ) ከዚያ ያነሱታል። በየአዮክትሉ ማይነሩን አውጥቶ ሊስቱን እንደገና የሚያስስ ድራይቨር ግን በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ ሊሠራው የማይገባ ሥራ ይሠራል፣ ለዚያውም ሎክ (ሌሎች እንዳይገቡ የሚያግድ መቆለፊያ) ይዞ። ይህን ልማድ ሳያስተካክሉ ስትራክቸር መቀየር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሜጀር 10 ላይ ያሉት የሚስክ (ልዩ ልዩ) መሣሪያዎች እስካሁን በተራ ሊስት ነው የተያዙት፤ ፋይሉ ሲከፈት ከርነሉ በሙቴክስ (በአንድ ዓይነት ሎክ) ሥር አንድ በአንድ ያያቸዋል። ማንም አልተጎዳም፣ ምክንያቱም ፍለጋው በአንድ መክፈት አንዴ ብቻ ነው።

ፍለጋ የማይቀርበት ቦታም አለ። የዩኤስቢ ካራክተር መሣሪያዎች ሁሉ ሜጀር 180ን ይጋራሉ። ከርነሉ 256 ቦታ ባለው አሬይ (ቦታዎቹ በተከታታይ በተደረደሩበት ሰንጠረዥ) በማይነሩ ቀጥታ ገብቶ ድራይቨሩን ያገኛል፤ ድራይቨሩ ደግሞ የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ለማወቅ በዩኤስቢ ባሱ (መሣሪያዎቹ በሚገናኙበት መስመር) ላይ የተመዘገቡትን አንድ በአንድ ያሳስሳል። 256 የሚለው ቁጥር ማይነር 8 ቢት ብቻ ከነበረበት፣ ከከርነል 2.6 በፊት ከነበረው ዘመን ጋር የሚሄድ ነው። በ64 ቢት ማሽን 256 ፖይንተር 2 ኪሎባይት ቢይዝ ነው። የ20 ቢቱን ማይነር በሙሉ በአሬይ ልያዝ ያለ ግን 8 ሜጋባይት ይበላል። «ቢበዛ 16» ብሎ የወሰነ ደግሞ 17ኛው መሣሪያ ሲሰካ ስህተት ይመልሳል፤ ወሰኑን ማረጋገጥ ከረሳ የሌላውን ሜሞሪ ይረግጣል።

ሊስቱ ሲረዝም ዋጋው የሚመጣው ከካሽ (ከሲፒዩው ቅርብ ፈጣን ሜሞሪ) ነው። እያንዳንዱ አባል ሜሞሪ ውስጥ የተበታተነ ስለሆነ፣ ካሽ ውስጥ ካልተገኘ አንዱን ማንበብ ወደ 100 ናኖሴኮንድ ይፈጃል። 1000 መሣሪያ ካለ በአማካይ 500 እርምጃ፤ አንዱም ካሽ ውስጥ ካልተገኘ 50 ማይክሮሴኮንድ። ይህ ፈጣን ኤስኤስዲ አንድ ንባብ ከሚጨርስበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል።

ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ለአዲስ ድራይቨር የእኔ ምርጫ ኤክስአሬይ (በቁጥር ፖይንተር የሚፈለግበት የከርነል ሰንጠረዥ) ነው። ማቲው ዊልኮክስ የሠራው ይህ ስትራክቸር በ2018 በ4.20 ከርነል ገብቷል። አንዱ ኖድ በተለመደው አሠራር 64 ቦታ ስላለው እስከ 4096 መሣሪያ በሁለት ደረጃ ይደረሳል። ማንበቢያው በአርሲዩ (ያለ ሎክ ማንበብ በሚያስችል ዘዴ) ስለሚሠራ አንባቢዎች እርስ በርስ አይጠባበቁም። ማይነሩንም ራሱ ይመድባል። ድክመቱ የተበታተነ ቁልፍ ነው፦ አንዱ ኖድ 576 ባይት ገደማ ስለሚይዝ ሲሪያል ቁጥርን ወይም የማክ አድራሻን እንደ ኢንዴክስ መስጠት ለአንድ መሣሪያ ብዙ ኖድ ማባከን ነው። ለእነዚህ አርሃሽቴብል (የከርነሉ ሃሽ ቴብል) ይሻላል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ራሱን ያሰፋል።

ኤክስአሬይን የሚጠቀሙ ብዙዎች የሚወድቁት ምዝገባው ላይ ነው። ቁጥር ሲያስመድቡ የመሣሪያውን ፖይንተር አብረው ያስገባሉ። ኢንተራፕቱ (መሣሪያው ሲፒዩውን የሚጠራበት ምልክት) ገና አልተጠየቀም፣ በፈሩ (ጊዜያዊ ማከማቻው) ገና አልተያዘም፣ ሌላ ሲፒዩ ግን መሣሪያውን አግኝቶ መጠቀም ጀምሯል። መፍትሔው መጀመሪያ በባዶ ፖይንተር ቁጥሩን ማስያዝ፣ ሁሉም ሲዘጋጅ እውነተኛውን ፖይንተር ማስቀመጥ ነው። በመሃሉ የሚፈልግ ባዶ ያገኛል፣ መሣሪያው የለም ተብሎ ይመለሳል። ስፒንሎክ (የያዘው መተኛት የማይችልበት ሎክ) ይዞ እንቅልፍ በሚፈቅደው የሜሞሪ ጥያቄ ቁጥር ማስመደብም አይቻልም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት በመንቀል ጊዜ የሚደርሰው ነው። አንዱ ሲፒዩ ፖይንተሩን አገኘ፤ በዚያው ቅጽበት ገመዱ ተነቀለና ሌላው ሲፒዩ ሜሞሪውን ለቀቀ። የመጀመሪያው የያዘው የሞተ አድራሻ ነው። ስለዚህ ማግኘትና ሪፈረንስ መውሰድ (እየተጠቀምኩበት ነው ብሎ መቁጠር) አንድ ድርጊት መሆን አለባቸው፦ የኤክስአሬዩን ሎክ ያዙ፣ ፈልጉ፣ ኬሬፉን (የሪፈረንስ ቆጣሪውን) ጨምሩ፣ ሎኩን ልቀቁ። ይህ የሚሠራው ሰንጠረዡ ራሱ አንድ ሪፈረንስ ከያዘና ስረዛውም በዚያው ሎክ ከሆነ ነው። በአርሲዩ ብቻ ለሚፈልግ ቆጣሪው ዜሮ ካልሆነ ብቻ የሚጨምረው ጥሪ ያስፈልገዋል፣ ሜሞሪውም የአርሲዩ አንባቢዎች እስኪጨርሱ ጠብቆ መለቀቅ አለበት። የኤንቪኤምኢ (የፈጣን ኤስኤስዲ) ድራይቨር ኔምስፔስ (የዲስኩን አንድ ክፍል) ሲፈልግ ሲጠቀምበት የኖረው በቁጥር የተደረደረ ሊስት ነው፤ የሚፈለገውን ቁጥር ካለፈ ፍለጋውን ያቆማል፣ ያገኘውንም ሪፈረንሱን ሳይወስድ አይመልስም። ሊስት መሆኑ አላበላሸውም።

በመንቀል ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከሰንጠረዡ ሰርዙ፣ መሣሪያው ሄዷል የሚል ምልክት በራሱ ሎክ ሥር አድርጉ፣ የሰንጠረዡን ሪፈረንስ መልሱ። ፋይሉን ከፍቶ የቆየ ፕሮግራም ካለ ሜሞሪው እሱ እስኪዘጋ ይጠብቃል። ለመሞከር ካሳን (የሜሞሪ ስህተት መርማሪው) የበራበት ከርነል ላይ በአንዱ ቴርሚናል ፋይሉን እየከፈቱ እየዘጉ፣ በሌላው በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መሣሪያዎቹን በፋይል በሚያሳይበት ማውጫ) በኩል ድራይቨሩን ከመሣሪያው እያላቀቁ እያገናኙ ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ስህተት ካለ ሪፖርቱ ሜሞሪው የት እንደተለቀቀና ከዚያ በኋላ ማን እንደነካው ከነጥሪ ሰንሰለቱ ያወጣል።