ክብር የጠገበ፣ ገበያ የራቀው ባንድ

በአሜሪካ የሜታል (የከባድ ሮክ) ሙዚቃ መንደር ስሙ ሲነሣ ባለሙያው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ የሚልለት፣ ከመንደሩ አንድ እርምጃ ወጣ ሲባል ግን «ማን ነው ደግሞ እሱ?» የሚባል ባንድ አለ። ፌትስ ዋርኒንግ ይባላል። በ1982 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) በኮነቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ ተመሠረተ። ሃርትፎርድ በኢንሹራንስ ኩባንያዎቿ የታወቀች ናት፤ ለአደጋ ሁሉ ዋስትና ከሚሸጥባት ከተማ ይህን ያህል ዋስትና የሌለው ሙዚቃ መውጣቱ ራሱ ያስቀኛል። ድምፃዊውም ከበሮ መቺውም ሲለዋወጥ፣ ጊታሪስቱ ጂም ማቲዮስ ግን ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በሠርግና በምሽት ክበብ ኪቦርድ ይጫወታል። ስለዚህ ባንድ ስነግረው የመለሰልኝ፣ «ይህን ያህል የተከበሩ ከሆነ እንዴት አልከበሩም?» ብሎ ነው። ከጥያቄው ጀርባ፣ አሜሪካ ችሎታ ያለው ሰው ዋጋውን ሳያገኝ የማይቀርበት አገር ነው የሚል እምነት አለ። ይህን እምነት ከሩቅ ሆኖ መያዝ ቀላል ነው።

ነገሩን ከጎረቤቱ ጋር አስተያይቶ ማየት ይሻላል። ድሪም ቲያትር የተባለው ባንድ በ1985 ቦስተን በሚገኘው በርክሊ፣ የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ከዓመታት በፊት በተማረበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በተማሪዎች ተጠነሰሰ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ከበሮ መቺው ማይክ ፖርትኖይ መንገዱን ከጠረጉላቸው መካከል ፌትስ ዋርኒንግን ሳይጠራ አያልፍም። ቀዳሚዎቹ ፌትስ ዋርኒንጎች «አዌክን ዘ ጋርዲያን» በተሰኘው የ1986 አልበማቸው የቢልቦርድን፣ የአሜሪካን የሙዚቃ ገበያ የሚለካውን መጽሔት፣ የ200 አልበሞች ሰንጠረዥ በ191ኛነት ረገጡ፤ በ1988 «ኖ ኤግዚት» 111ኛ ደረሰላቸው። በ1991 «ፓራለልስ»ን ሲቀርጹ ደግሞ ራሽ የተባለውን የካናዳ ባንድ ትልልቅ አልበሞች ያዘጋጀውን ቴሪ ብራውንን አመጡ። በአንዱ ዘፈን ላይ ከኋላ ሆኖ የሚያጅበው ድምፅ የጄምስ ላብሪ ነው። ይኸው ላብሪ በማግሥቱ ዓመት የድሪም ቲያትር ድምፃዊ ሆኖ ብቅ አለ፤ «ኢሜጅስ ኤንድ ወርድስ» የተሰኘው አልበማቸውም በአሜሪካ የግማሽ ሚሊዮን ቅጂ መለኪያ የሆነውን የወርቅ ዕውቅና አገኘ። ፌትስ ዋርኒንግ ያንን በር አላለፈም።

የባንዱ ወዳጆች ጥፋቱን ኒርቫና በተባለው የሮክ ባንድ ላይ ይደፈድፋሉ። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» በመስከረም 1991 ወጥቶ የአሜሪካን ወጣት ጆሮ ሲገለብጥ፣ «ፓራለልስ» የደረሰው ወር ገደማ ዘግይቶ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ገበያ የወጣ ሰው ዕድለ ቢስ ነው፤ እውነት ነው። ሆኖም ይህ ምክንያት ብቻውን አይዋጥልኝም። ድሪም ቲያትር በዚያው ጎርፍ መካከል አይደል እንዴ የተሻገረው? የአሳታሚዎቹ ልዩነት የተሻለ ያስረዳል። ፌትስ ዋርኒንግ የነበረበት ሜታል ብሌድ የሜታል ፍቅር የወለደው፣ ዘርፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ኩባንያ ነው። ድሪም ቲያትርን የያዘው አትኮ ግን የትልቁ አሳታሚ የአትላንቲክ ቤተሰብ ነበር፤ ሬዲዮ ጣቢያውን የሚያንኳኳ ረጅም ክንድ ነበረው።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ የመቁረጥና ያለመቆረጥ ጉዳይ ይመስለኛል። «ፑል ሚ አንደር» የተባለው የድሪም ቲያትር ዘፈን ሙሉው ከስምንት ደቂቃ ያልፋል። ለቴሌቪዥን ሲሆን ተቆረጠ፣ አጠረ፣ ሄደ። አድማጩ በዚያ ቁራጭ ገብቶ የቀረውን ቤት ጎበኘ። ፌትስ ዋርኒንግም በ«ፓራለልስ» ላይ እንዲህ ያሉ አጫጭር፣ ለጆሮ የሚቀርቡ ዘፈኖች ነበሩት፤ «አይ ቱ አይ» በኤምቲቪ የሙዚቃ ቴሌቪዥን የሜታል ፕሮግራም ታይቷል። ሌላ ባንድ ቢሆን ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ ያወጣው ነበር። እነሱ በ1994 አንድ አልበም ሞከሩና፣ በ1997 ከ50 ደቂቃ በላይ የሚፈስ፣ 12 ክፍሎች ያሉት አንድ ነጠላ ዘፈን ይዘው መጡ። «ኤ ፕሌዘንት ሼድ ኦቭ ግሬይ» ይባላል። ክፍሎቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌሊቱን ከራሱ ጋር ሲሟገት የሚያድርበት ሥራ ነው፤ በመሐል የሚመጣው ፒያኖ ከመጀመሪያው ጋር ተያይዞ ካልተሰማ ትርጉሙ ይጠፋል። የሬዲዮ አዘጋጅ የትኛውን ሦስት ደቂቃ ያውጣ? ይህን ሥራ ያወጡት ዓለሙን ንቀው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ንቀት አልሰማበትም። እኔ የምሰማው እልኸኝነት ነው፤ እልኸኝነት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፈሉም።

እዚህ አሜሪካ አንድ ምሽት ሲጫወቱ ያየሁበት አዳራሽ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ቢራ የጠጣ ቦታ ነበር። ታዳሚው በአመዛኙ ሽበት የጀመረው ወንድ ነው። የሚዘል የለም። አብዛኛው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል፤ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ብቻ ጣቶቹን ጭኑ ላይ እያሳረፈ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ላይ ሲደርስ እንደገና ይጀምራል። እኛ በችክችካ ያደግን ሰዎች ትከሻችን የሚያውቀው ምት አለ፤ ይህ ሙዚቃ ትከሻ ሲዘጋጅ አንዷን ምት ይሰርቅና ባዶ ላይ ይጥልሃል። ለካስ ሰዎቹ የቆሙት ላለመውደቅ ነው። ዝግጅቱ ሲያበቃ ግን ካናቴራ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት የተሰለፈው ሕዝብ በሩን ዘጋው። ሰውዬው ሁለት ካናቴራ ገዛ፤ አንዱ ለልጁ መሆኑን ለሻጯ ሲነግራት ሰማሁት። ተቆርቋሪ አድማጭ ማለት እዚህ እንዲህ ነው፤ ፍቅሩን ቆሞ ተሰልፎ፣ ከኪሱ አውጥቶ ይገልጻል።

ከአገር ቤት ጋር የሚለየን እዚህ ላይ ነው። እኛም ለአንጋፋ ሙዚቀኛ ክብር አናንስም፤ አንቱ እንላለን፣ እጅ እንነሣለን፣ መድረክ ላይ ካባ እናለብሳለን። የምናዋጣው ግን ሲታመም ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይለጠፋል፣ ከዋሽንግተንም ከሪያድም ገንዘብ ይላካል። መልካም ነገር ነው፤ ሰው በወገኑ ይተርፋል። ነገር ግን ያው ሰው ጤነኛ ሳለ ካሴቱን ያባዛንበት እኛው ነን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው) ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ወንድሜ ግን የሚተማመንበት ገቢ አሁንም የሠርጉ ቀን የሚቆጠርለት ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ቅንብሩን የሠራው ሰው ስም ካሴቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ የነበረበት ዘመን እንኳ ዛሬ ይናፍቃል፤ አሁን ጨርሶ አይጻፍም።

አሜሪካ ደግሞ በራሷ እንዳትመጻደቅ ኃይሉ መርጊያ አለ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች በ1981 ከባንዱ ጋር ለዝግጅት መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይይዝ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዳል። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ ብቻውን የቀረጸው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ነው የፈረንጅ ሐያስያን «የት ነበርክ?» ያሉት። የት ይሆናል፤ እዚያው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያመላልሳቸው። ሙዚቀኛው አንድ ነው፣ ካሴቱም አንድ ነው፤ የተለወጠው ያደረሰው እጅ ነው።

እና ፌትስ ዋርኒንግን የማዝንላቸው አይነት ሰዎች አላደርጋቸውም። በ1986ቱ አልበም ላይ የነበሩት አባላት በ2016 ተሰባስበው ያንን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጫወቱት ጀርመን ውስጥ በተካሄደ ፌስቲቫል ላይ ነበር፤ በዚያው ዓመት አትላንታም ደገሙት። ሠላሳ ዓመት የቆየን፣ በዘመኑ 191ኛ የወጣን አልበም ሊሰማ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው። ታዋቂ ባልሆኑና ባልከሰሩ ሰዎች የተሞላው ይህ መካከለኛ ወለል ነው አዲስ አበባ ውስጥ የማጣው። እዚያ ወይ ዘፈንህ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ይከፈታል፣ ወይ ሙያ ትቀይራለህ። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘ አልበሙን በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት ሲያወጣ፣ ሮክን ከቅኝታችን ጋር የሚያስኬድ ነገር ተጀመረ ብዬ ጓጉቼ ነበር፤ ከኋላው የሚከተል ሰልፍ ግን አላየሁም። ሰልፍ የሚመጣው ከአንድ ባንድ አይደለም፤ ከትንንሽ አዳራሾችና ከታማኝ አሳታሚዎች ነው።

ወንድሜ አሁንም አልተረታም። የባንዱን የ2020 አልበም «ሎንግ ዴይ ጉድ ናይት»ን ላክሁለት፤ 13 ዘፈኖች፣ ከ70 ደቂቃ በላይ፤ አንዱ ዘፈን ብቻውን ከ11 ደቂቃ ያልፋል። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ መሆኑን እሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል፤ የሁለት ደቂቃውም የአሥራ አንድ ደቂቃውም ዘፈን አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ቁጭ ብሎ አሰላና መልእክት ሰደደልኝ፤ ያን ዘፈን በሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ቢቆራርጡት ሃያ ሁለት ጊዜ ይከፈላቸው ነበር፤ ጊታሩ ግን ግሩም ነው፣ ሁለተኛውን ክፍል ኪቦርድ ላይ እያወጣሁት ነው።