ላይ ቤትና ታች ቤት

ጎንደር ውስጥ «ላይ ቤትና ታች ቤት» ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። ሊቃውንቱ ድሮ በአንድምታ ሲከራከሩ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ላይ ቤት፣ ሌላው ታች ቤት ተባለ። እኔ ግን በዚሁ ስም በሚጠራ ሌላ ክርክር ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አባቶች ይቅር ይበሉኝና የእኛን ክርክር ያስነሳው ዘንዶ ነው።

ተከራይቼ የኖርኩበት ግቢ ቁልቁለት ላይ ነው። ከላይ ሁለት ክፍል፣ ከታች ሦስት ክፍል፣ መሀል ላይ የአከራያችን የእማማ ቤት። ታች ቤት ቴሌቪዥን አለ። ላይ ቤት ደግሞ መጽሐፉን ያነበበ ሰው አለ። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የምናየው ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነው። በሚያዝያ 2003 ጀምሮ በግንቦት 2011 ያለቀ፣ ስምንት ሲዝን፣ 73 ክፍል። አሜሪካኖቹ እሑድ ማታ ሲያዩት እኛ ፒያሳ ካለች ጠባብ ፊልም ቤት በፍላሽ እናስገለብጣለን። መብራት ካልጠፋ በዚያው ሳምንት እናየዋለን። መብራት ከጠፋ ደግሞ ላይ ቤት ያለው ሰውዬ ደስ ይለዋል። መጽሐፍ መብራት አይፈልግማ።

ሰውዬው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። እኛም መምህሩ ነው የምንለው። ፊልሙ የተሠራባቸውን የጆርጅ ማርቲንን አምስት መጻሕፍት ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ አንብቦ ጨርሷል። የመጀመሪያው የታተመው በ1988 ነው፤ አምስተኛው በ2003፣ ተከታታዩ በጀመረበት በዚያው ዓመት። እንደ ጡብ የወፈሩ መጻሕፍት ናቸው። ያንን ሁሉ በአውራ ጣት እየገፋ ያነበበ ሰው ዝም ብሎ ፊልም ማየት አይሆንለትም።

«ዓይኗ ሐምራዊ ነው መሆን ያለበት» ይላል፣ ባለ ነጭ ፀጉሯ ንግሥት ስትመጣ።

«የዚህ ሰውዬ አፍንጫ በጦርነቱ ተቆርጦ የለም እንዴ? እዚህ ጠባሳ ብቻ አድርገውለት…»

እኛ ስለ አፍንጫ ምን ገዶን? እኛ የምንፈልገው ማን ማንን እንደሚገድል ነው። እሱ ደግሞ ያንን ያውቃል። ክፉው ነገር እሱ ነው። ማታ ማታ በር ላይ ይቆምና «ቡና ካልጠራችሁኝ የሚሞተውን እናገራለሁ» ይላል። እውነቴን ነው፣ ለሁለት ዓመት ያህል ግብር ገብረንለታል። አንድ ጊዜ ስኳር አለቀብን ብለን ብናስቀርበት፣ ከመስኮቱ ውጭ ሆኖ አንድ ስም ጠርቶ ሄደ። ያ ሰውዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ። ፊልሙ ውስጥ ማለቴ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የሰርጉን ሌሊት ነው። ሦስተኛው ሲዝን፣ ዘጠነኛው ክፍል። መምህሩ የዚያን ዕለት ቡና ሳይጠራ መጣ። እንዲያውም ቆሎ ይዞ። ይሄ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ስልኩን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እኛ አዞረ። ለካ በዚያ ሰሞን በየአገሩ መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ሥራቸው ይኸው ነበር፤ ያላነበቡ ወዳጆቻቸው ሲደነግጡ መቅረጽ። እነሱ ያንን እልቂት መጽሐፉ ላይ ካነበቡት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ እኛ ግን ሙሽሮቹን እልል ልንል ምንም አልቀረን።

ከዚያ ሙዚቃው ተቀየረ። በሩ ተዘጋ። ጩኸታችን ግቢውን አናጋው።

እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ።

«ምን ዓይነት መርዶ ነው? ማን ነው የሞተው?»

«ሮብ» አልኳቸው፣ እንባዬን እየጠረግሁ።

«መቼ ነው መች አልኩህ? ማን ነው?»

«ሮብ ነው እማማ! ሮብ የሚባል… ፊልም ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቦ ይሄድ ነበር። እማማ ግን ሰርግ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ተቀመጡ። እኛም እየተቀባበልን ነገርናቸው። ሽማግሌው ባለቤት ቂም አለበት። እንግዶቹ ፈርተው ስለነበር መጀመሪያ ዳቦና ጨው ቀመሱ፤ በነሱ አገር ደግሞ የቤቱን ዳቦና ጨው የቀመሰ እንግዳ አይነካም። አብልቶ አጠጥቶ አሳረዳቸው።

«አብልቶ?»

«አዎ።»

«እንጀራውን አስቆርሶ?»

«ዳቦ ነው…»

«ያው ነው!» ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ሙሽራውስ?»

«ሙሽራው ጫጉላ ቤት ነበር፣ ተርፏል።»

«ዘሩ አይባረክ» አሉ። ስለ ሽማግሌው ነው። ተነስተው ነጠላቸውን አቃንተው ሄዱ። የሆነው ሆኖ እርግማናቸው ሠርቷል። ዓመታት አልፈው ያ ሽማግሌ ታረደ፣ ቀጥሎም ወንድ ዘሩ በአንድ አዳራሽ በመርዝ አለቀ። ሄጄ ስነግራቸው ሽሮ እየነፉ ነበር። ቀና እንኳን አላሉም። «አላልኳችሁም? የእንጀራ ነገር ነው።»

እንግዲህ ላይ ቤት በሥልጣኑ እንደኮራ አምስት ሲዝን አለፈ። ከዚያ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። ከፊልሙ ጀግኖች አንዱ፣ ጆን ስኖው፣ ተወግቶ በረዶ ላይ ወደቀ፤ መጽሐፉም የእሱን ነገር እዚያው ላይ አቁሞታል። ስድስተኛው መጽሐፍ አልወጣም። ፊልሙ ግን ደራሲውን ሳይጠብቅ በ2008 መንገዱን ቀጠለ። መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኛው የማያውቅ ሰው ሆነ። በሩ ላይ መቆሙን ትቶ ገባ፣ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን… ይነሳል ብላችሁ ታስባላችሁ?» አለን።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎን አያውቅም። ቡናውን በነፃ ሰጠነው።

እሱ ግን መተርጎሙን አልተወም። የሚነግረው ሲያጣ መላምት ጀመረ። «አንድም የጆን እናት እከሌ ናት፤ አንድም አባቱ አባቱ አይደለም፤ አንድም ሁለቱም ልክ ነው…» የጎንደር ልጅ ምን ያድርግ፣ የሰማው ይኸንኑ ነው። የሚገርመው የእናትየውን ነገር ልክ አገኘው። ለአንድ ወር መሬት አልረገጠም።

ታች ቤት ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። ጎረቤቴ ሴት ልጅ ወለደና ካሊሲ እላታለሁ ብሎ ተነሳ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ልጁን እንዲህ ብሎ መሰየሙን ሰምቷል። እማማ አራስ ጥየቃ መጥተው ነው የሰሙት።

«ካ… ምን?»

«የንግሥት ማዕረግ ነው እማማ። ባለ ዘንዶዋ።»

«ዘንዶማ ጊዮርጊስ ገድሎታል» አሉና ገንፎውን ማማሰል ቀጠሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ልጅቷ ዛሬ ደህና የአገር ስም አላት። ባለ ዘንዶዋ በመጨረሻ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ካቃጠለች በኋላ አባትየው ምንም ሳይናገር ለእማማ አንድ ኪሎ ቡና ገዝቶ ወሰደላቸው።

ስምንተኛው ሲዝን ሁዳዴ ላይ ጀመረ። ከመካከላችን ጾም ላይ ፊልም የማያይ ነበርና አብረን እንድንገድፍ ቀጠርን። ሦስተኛው ክፍል የወጣው ደግሞ ልክ ለፋሲካ ማግስት አጥቢያ ነው። ታላቁ የሌሊት ጦርነት! ስድስት ሰው፣ የተረፈ ዶሮ ወጥ፣ ጠላ። አበራነው። ጨለማ። ድምፅ አለ፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ሰው ይጮኻል፤ የሚታይ ነገር የለም።

«ስክሪኑ ተቃጥሏል» አለ አንዱ። ሌላው ኃይል አንሷል አለ፤ የእማማ ፍሪጅ ይነቀል ተባለና ተነቀለ። አልሆነም። ፍላሹን ወስጄ ለፊልም ቤቱ ልጅ «የተበላሸ ነው የሰጠኸኝ» ብዬ ተጣላሁት። እሱም ምሎ ተገዝቶ ድጋሚ ገለበጠልኝ። ያው ጨለማ። በነጋታው መምህሩ ዜናውን ይዞ መጣ፤ ዓለም ሁሉ አላየሁም እያለ እየጮኸ ነው። የካሜራ ባለሙያው ደግሞ ምን ብሎ መለሰ? ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ማስተካከል አያውቅም። ይኸውላችሁ፣ እኛ ፍሪጅ ነቅለን! የእማማ ቅቤ ቀልጦ!

በአራተኛው ክፍል የቡናው ኩባያ መጣ። ድግስ ነው፣ ባለ ዘንዶዋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ከዋንጫው መሀል አንድ የወረቀት ኩባያ ከነክዳኑ ቆሟል። ቀረጻ ላይ የረሱት ነው። በኋላ በኮምፒውተር ፍቀው አጠፉት፤ እኛ ፍላሽ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ። እንደ ቅርስ ነው የያዝነው። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ያሳሰባቸው ዘመኑ አይደለም። «ያለ ረከቦት? ብቻዋን?» አሉ። ቡና ብቻውን የሚጠጣ ሰው መጨረሻው እንደማያምር ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። እንዳሉትም ሆነ። ለነገሩ በጎንደር ነገሥታት ግብር ላይም ስኒ ቢገኝ ጉድ ይባል ነበር፤ በዚያ ዘመን ክርስቲያን ቡና መጠጣቱ ነውር ነበርና።

መጨረሻውን ያየን ዕለት ላይ ቤትና ታች ቤት ታረቁ። የጋራ ጠላት ተገኘ። ስምንት ዓመት የተቋጠረ ነገር በስድስት ክፍል ተቻኩሎ ተፈታ፤ ደጓ ሴትዮ በአንድ የደወል ድምፅ አበደች፤ ዙፋኑን ማንም ያልጠበቀው፣ እግሩ የማይሄድለት ልጅ ወሰደው። ሲዝኑ እንደገና ይሠራ የሚል አቤቱታ በኢንተርኔት ተከፍቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። እኛም ኔትወርክ ፍለጋ ጃንተከል ዋርካ ድረስ ወርደን ፈረምን። እማማ ሰምተው «አቤቱታ ከሆነ በወረቀት ይሻላችኋል» አሉን። «ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ አለ።»

መምህሩ ግን ተስፋው መጽሐፉ ላይ ነው። ደራሲው በራሱ መንገድ ይጨርሰዋል ብሎ ያምናል። ስድስተኛው ሲወጣ ለቁስቋም ጥላ አገባለሁ ብሎ ተስሏል። ይህን ሲናገር እማማ ሰሙት።

«ጸሐፊው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባ አልፎታል።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ለሱ ጤና ተሳል። ጥላው ይደርሳል።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ዝም ብሎ ይሰማን ነበር። የእማማ ታላቅ ወንድም። አያ ነው የምንላቸው። በጉብዝናቸው ፋሲል ግቢ እንግዳ ያስጎበኙ ነበር። ፊልሙን አንድ ቀን አላዩም፤ ፀሐይ እየሞቁ ጭቅጭቃችንን ብቻ ነው የሚሰሙት። ያን ሰሞን ድንገት ጠየቁ።

«ለመሆኑ ማን ነገሠ?»

«ሽባው ልጅ።»

«ማን አነገሠው?»

«አጭሩ ሰውዬ ነው፣ ተናግሮ ያሳመነላቸው።»

«አጭሩስ ምን ተሾመ?»

«የንጉሥ እጅ። ከንጉሡ ቀጥሎ ትልቁ ሹመት ነው።»

አያ ሳቁ። «እጅ? እጅማ ይታዘዛል። እኛ ጋ እኮ ራስ ነው የሚባለው። ራስ ነው አስቸጋሪው።» ከዚያ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ጀመሩ። ራስ ሚካኤል ስሁል አጤ ኢዮአስን እንዴት እንዳስገደለ። የነገሥታቱ ዘመዶች ከሚታሰሩበት ከወህኒ አምባ አንድ እጁ የተቆረጠ ሽማግሌ አስወርዶ፣ አካሉ የጎደለ አይነግሥም ሲባል፣ አጤ ዮሐንስ ብሎ እንዴት እንዳነገሠው። ግማሽ ዓመት ሳይሞላም ሽማግሌው እንዴት እንደሞተ፤ በመርዝ ነው ይባላል። ከነሱ በፊት ደግሞ ታላቁን ኢያሱን የገዛ ልጁ እንዳስገደለው፣ ልጁም በሁለተኛው ዓመት አደን ወጥቶ ተወግቶ እንደቀረ። እነዚህ ሁሉ የነገሡት ከግቢያችን በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ነው።

መምህሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። የዘንዶ ነገሥታቱን ዘር ከነቅጽላቸው አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወህኒ ቤት የምንለው ቃል ከዚያ አምባ ስም እንደመጣ ግን ያን ቀን ነው የሰማው።

«ከሽማግሌውስ በኋላ፣ አያ? ማን ነገሠ? ራስ ሚካኤልስ ምን ሆነ?»

አያ መልስ አልሰጡም። ፀሐዩ ወደ ግንቡ በኩል ዞሯል። መቋሚያቸውን ያዙና ተነሱ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ነገ ቡና ስታፈሉ ጥሩኝ። ካልጠራችሁኝ አልናገርም።»