ሞዴሉን ከመምረጥ በፊት፦ ስህተቱ መቼ ነው የሚታየው?

አዲስ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲጀመር «በየትኛው ሞዴል እንሥራ?» ማለትም ሥራውን በምን አካሄድ እናደራጀው የሚል ክርክር አይቀርም። አንዱ ዋተርፎል ይላል፣ ሌላው ስክረም፣ ሦስተኛው ካንባን። ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከስም አያልፍም። እኔ ሞዴሎችን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ የሠራነው ስህተት ለምን ያህል ጊዜ ተደብቆ ይቆያል?

በዋተርፎል መጀመሪያ ፍላጎት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ዲዛይን፣ ከዚያ ኮድ፣ መጨረሻ ላይ ፍተሻ። በጀት ለመያዝና ውል ለመፈራረም ይመቻል። ተጠቃሚው ግን ሶፍትዌሩን የሚያገኘው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የትዕዛዝ መቀበያ ሲስተም እየተሠራ ነው እንበል። ሰነዱ ላይ «ደንበኛው ትዕዛዙን መሰረዝ ይችላል» ተብሎ ተጽፏል፣ ሁሉም ፈርሞበታል። ግማሹን ብቻ መሰረዝ ቢፈልግስ? ከከፈለ በኋላ ቢሰርዝስ? ማንም አላሰበበትም። ይህ በሁለተኛው ሳምንት ቢነሳ ቀላል ነው። በአሥረኛው ወር ሲነሳ ግን ዳታቤዙም፣ የክፍያው ክፍልም፣ ሪፖርቱም ይነካል። ያኔ ፕሮግራመሩ ሌሊቱን ያድራል፣ ደንበኛው ይቆጣል፣ ውሉ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ይህ ችግር ከጥንትም የታወቀ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ስሎ አሳየ። ወዲያው ግን እንዲሁ ከተተገበረ አደገኛና ውድቀትን የሚጋብዝ መሆኑን ጻፈ። ሥራው አዲስ ከሆነ ሁለት ጊዜ እንዲሠራ፣ ደንበኛውም ከመጀመሪያው እንዲሳተፍ መከረ። ዋተርፎል የሚለውን ስም እንኳ እሱ አልተጠቀመበትም። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎች ሥዕሉን ወስደው ምክሩን ተዉት።

በ1980ዎቹ የሶፍትዌር ምህንድስና ተመራማሪው ባሪ ቦህም ያቀረበው ስፓይራል ሞዴል ዛሬ እምብዛም ስሙ አይነሳም። ለእኔ ግን ከሁሉም የተሻለውን ሐሳብ የያዘው እሱ ነው፤ በየዙሩ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋውን ነገር አስቀድመህ ሞክር ይላል።

በ2001 አሥራ ሰባት ባለሙያዎች የአጃይልን (ሥራን በትንሽ በትንሹ ሠርቶ ቶሎ ቶሎ ማሳየትን የሚመርጠውን አስተሳሰብ) መግለጫ ካወጡ በኋላ አጫጭር ዙሮች ተለመዱ። ከአጃይል ዘዴዎች አንዱ በሆነው በስክረም አንድ ስፕሪንት፣ ማለትም አንድ የሥራ ዙር፣ ከአንድ ወር አይበልጥም፣ መጨረሻው ላይም የሚሠራ ነገር መታየት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ቡድኖች ይስታሉ። ጠዋት ጠዋት ቆመው ይሰበሰባሉ፣ ሰሌዳው በተለጣፊ ወረቀት ተሞልቷል፣ እውነተኛው ተጠቃሚ ግን ለአንድ ዓመት ምንም አላየም። ይህ ቡድን ስሙን ቀየረ እንጂ ስህተቱን ቀድሞ የሚያይበት መንገድ አላገኘም።

የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የሆነውን የኤፍቢአይን ታሪክ ብንመለከት ልዩነቱ ይታያል። ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል የተባለው የምርመራ መዝገብ ሲስተም 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሰሰበት በኋላ በ2005 ተተወ። ተተኪው ሴንቲነልም መዘግየት ጀመረ። በ2010 መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ከተቋራጩ ተረክቦ በትንሽ ቡድንና በአጫጭር ዙሮች ቀጠለ፤ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። ምስጋናው ሁሉ የአጃይል ነው አልልም። ቡድኑ ማነሱና ውሳኔ ሰጪዎቹ ቅርብ መሆናቸውም ረድቷል።

ዋተርፎልና ዘመዱ ቪ-ሞዴል (ለእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ የራሱን ፍተሻ የሚያዛምደው) ይጣሉ ማለቴም አይደለም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም የአውሮፕላን ሶፍትዌር እያንዳንዱ ፍላጎት ከፍተሻው ጋር ተያይዞ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። እዚያም ቢሆን በማስመሰያ (ሲሙሌተር) ላይ ቀድሞ መሞከር ይቻላል። ጥገና ላይ ለሚውል፣ ጥያቄ በማንኛውም ሰዓት ለሚመጣበት ቡድን ደግሞ ካንባን ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ሥራ ስለሚገድብ የተጀመረው ያልቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ይቆረጥ፦ እውነተኛ ተጠቃሚ የመጀመሪያውን ቁራጭ ይዞ ሥራውን የሚሞክርበት ቀን። አስገዳጅ ምክንያት ሳይኖር ያ ቀን ስድስት ወር ከራቀ፣ ዕቅዱ ስክረም ቢባልም ተመልሶ መታየት አለበት።