ጎማነቱ ቢያስታውቅም ያስፈራል

«ይሄ እኮ ጎማ የለበሰ ሰውዬ ነው!» የድሮ የጭራቅ ፊልም ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ያየ ሁሉ ይህቺን ነገር ሳይሰማ አይቀርም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። የጭራቁ ቆዳ ይጨማደዳል። ሕንጻዎቹ ትንንሽ ሞዴሎች መሆናቸው ያስታውቃል። ሳቅ ይጀመራል፣ አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ፊልሙም በዚያው ያበቃለታል።

እኔ በዚህ ሳቅ አልስማማም። እነዚህን ፊልሞች የምወዳቸው የእውነት ስለሚያስፈሩኝ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ከሚሠሩት አብዛኞቹ ጭራቆች ይልቅ እነዚህኞቹ ውስጤ ይቀራሉ። ምክንያቱን ለማሳየት አንድ ዓመት ይበቃኛል፦ 1954። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት ማርች 1 ቀን አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ቢኪኒ በምትባለው ደሴት አካባቢ ሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ፍንዳታው 15 ሜጋቶን ነበር። ሂሮሺማን ካወደመው ቦምብ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህን ያህል ይሆናል ብለው አልገመቱም ነበር። አደገኛ ተብሎ ከተከለለው ቦታ ውጭ ቱና ታጠምድ በነበረች አንዲት የጃፓን ጀልባ ላይ ነጭ አመድ መዝነብ ጀመረ። ጀልባዋ «ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ» ትባላለች። 23ቱም ሠራተኞቿ በጨረር ታመሙ። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ አይኪቺ ኩቦያማ ሴፕቴምበር 23 ቀን ሞተ።

ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 3 ቀን፣ ቶሆ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ «ጎጂራ»ን ለሕዝብ አቀረበ። እኛ «ጎድዚላ» የምንለው፣ በቦምብ ሙከራ ተቀስቅሶ ከባሕር ስለሚወጣ ግዙፍ ጭራቅ የሚተርከው ፊልም ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ባሕር ላይ ነው። መርከበኞች አረፍ ብለዋል። ድንገት ባሕሩ ዓይን በሚያጠፋ ብርሃን ይበራል። መርከቧ በእሳት ትያያዛለች። የሬዲዮ ሠራተኛው የድረሱልን መልእክት እየላከ ከመርከቧ ጋር ይሰምጣል። ያኔ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ጃፓናዊ ይህ ስለ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ወራቱን ሙሉ ጋዜጣ ላይ ሲያነበው የከረመው ጉዳይ ነው።

ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ወታደር ነበር። ከጦርነቱ ወደ አገሩ ሲመለስ የፈራረሰችውን ሂሮሺማን በዓይኑ አይቷል። ተመልካቹም ቢሆን ያየውን አይቷል። በማርች 1945 ቶኪዮ በአንድ ሌሊት የአየር ድብደባ ነድዳ 100,000 ያህል ሰው አልቋል። እንግዲህ ጭራቁ ቶኪዮን ሲያቃጥል የሚታየው እሳት ለዚያ ሕዝብ ፈጠራ አይደለም። የጦርነቱን ጥፋት ያየው በጥቁርና ነጭ የዜና ፊልም ነው፤ ጎጂራም የመጣው በዚያው በጥቁርና ነጭ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ኃይል አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል። ቀለም አለመኖሩ ፈጠራውን ከዜናው ጋር ያገናኘዋል። ዓይን ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል።

ሁለት ትዕይንት ልጥቀስ። በመጀመሪያው፣ ጭራቁ ሌሊት ከተማዋን እያወደመ ሳለ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። መሸሻ የላትም። በቅርቡ አባታችሁ ዘንድ እንሄዳለን እያለች ታባብላቸዋለች። አባትየው መሞቱ ገብቶናል፤ እንዴት እንደሞተ ግን አይነገረንም። ጦርነቱ ካበቃ 9 ዓመቱ ነው፤ እያንዳንዱ ተመልካች ራሱ ይሞላዋል።

ሁለተኛው በማግስቱ ነው። ሆስፒታሉ በቁስለኛ ተጨናንቋል። አንድ ሐኪም የጨረር መለኪያ መሣሪያውን ወደ አንድ ትንሽ ልጅ ያስጠጋል። መሣሪያው ይንጫጫል። ሐኪሙ ቀና ብሎ አጠገቡ ያለችውን ወጣት ያያትና ራሱን ይነቀንቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሙሾ የለም፣ ዲስኩር የለም። እኔ ይህን እያየሁ ስለ ጎማ የማስብበት ጊዜ የለኝም።

ጎማው ራሱ ግን ሊወራለት ይገባል። የልዩ ትዕይንት ባለሙያው ኤይጂ ትሱቡራያ ነው። የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። የጭራቁን ልብስ ለብሶ የሚራመደው ተዋናይ ሃሩዎ ናካጂማ ነው፤ ያውም በስቱዲዮ መብራት ግለት። ካሜራው ከተለመደው ፍጥነት በላይ ይቀርጽ ስለነበር ፊልሙ ሲታይ እርምጃው ይዘገያል። ጭራቁን ከባድ ያደረገው ይህ ዘዴ ነው። መሬት የምታንቀጠቅጥ እግር አትሮጥማ! ድምፁስ? የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ ሬንጅ የተቀባ የቆዳ ጓንት ኮንትራባስ በሚባለው ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ላይ አስፈተገ። ከዚያ የተቀዳው ድምፅ እንዲጓተት ተደረገ። ያን ጩኸት ዛሬም በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ሬሳ ያስነሳል።

ብርሃኑም የራሱን ሥራ ይሠራል። ወረራው በሌሊት ነው። ሽቦው፣ ስፌቱ፣ የሞዴሎቹ ጠርዝ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። የሚታየን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ከኋላው የሚነድ ከተማ፣ ከፊቱ ጥላ። የቀረውን የሚሠራው የተመልካቹ ጭንቅላት ነው። ልጅ ሆነን ማታ ማታ ስለ ጭራቅ ተረት ሲነገረን ጥርሱ ስንት እንደሆነ ማንም አልነገረንም፤ ያም ሆኖ ወደ ደጅ ለመውጣት እንፈራ ነበር። ጥሩ ጥቁርና ነጭ ፊልምም እንደዚያው ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካም ፈርታ ነበር። «ዜም!» («እነሱ!» ማለት ነው) የተባለው የጎርደን ዳግላስ ፊልም በኒው ሜክሲኮ በረሃ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ በተሞከረበት ግዛት። አንዲት ትንሽ ልጅ አሻንጉሊቷን ታቅፋ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ዓይኗ ፈጥጦ በረሃ ላይ ብቻዋን ስትሄድ ፖሊሶች ያገኟታል። አትናገርም። በኋላ አንድ ሳይንቲስት የጉንዳን አሲድ ያለበት ብርጭቆ አፍንጫዋ ሥር ሲያስጠጋላት «እነሱ ናቸው! እነሱ ናቸው!» ብላ ትጮኻለች። እስከዚያ ድረስ አንድም ግዙፍ ጉንዳን አላየንም። ከነፋሱ ጋር የሚመጣ ሹል ፉጨት ብቻ ነው የምንሰማው። ጉንዳኖቹ በመጨረሻ ሲታዩ ትልልቅ ሞዴሎች መሆናቸው ይታወቃል። ግን ረፍዷል፤ ልጅቷ አስቀድማ አስፈርታናለች።

ሦስተኛውም የ1954 ነው። «ክሪቸር ፍሮም ዘ ብላክ ላጉን» ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ጃክ አርኖልድ ነው። ታሪኩ በአማዞን ወንዝ አካባቢ የሚኖር፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ ስለሆነ ፍጡር ነው። ነጭ ዋና ልብስ የለበሰች ወጣት ውኃው ላይ ትዋኛለች። ፍጡሩ ከሥሯ፣ በጀርባው ተንሳፎ፣ ልክ እሷ እንደምትዋኘው ይዋኛል። እሷ አታውቅም። ውኃው ውስጥ የሚዋኘው ሪኩ ብራውኒንግ ነው። ልብሱ የአየር ቱቦ አልነበረውም፤ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚቀረጸው። የፍጡሩን መልክ የነደፈችው ሚሊሰንት ፓትሪክ ነች፤ ምስጋናውን ግን የክፍሉ አለቃ ወሰደው። ስሟ ከተረሳ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው መነሳት የጀመረው። ይህ በጣም ያናድደኛል። ያ ፊት በዓለም ዙሪያ በቲሸርትና በፖስተር ሲሸጥ ኖሯል።

የዘመኑ ፊልም ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። ብዙዎቹ ለገበያ ተብለው በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው። በ1955 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ኦክቶፐሱ ስምንት ሳይሆን ስድስት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ በጀቱ አልበቃም። ነገር ግን የዘውጉ ዋጋ መለካት ያለበት በደካሞቹ አይመስለኝም።

ጎጂራም በራሱ ተከታታይ ፊልሞችና በውጭ ቅጂው ምክንያት ስሙ ተበላሽቷል። በ1956 አሜሪካ ውስጥ የታየው ቅጂ ከዋናው ብዙ ቆርጦ ጥሏል፤ በቦታው ሬይመንድ በር የሚተውነውን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አስገብቷል። ባቡር ውስጥ ያለች ሴት ከናጋሳኪ ተርፋ እንደመጣች የምትናገርበት ቦታ ወጥቷል። የፖለቲካው ጥርስ ረገፈ። ያልተነካካው የጃፓኑ ቅጂ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው የታየው በ2004 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሰው ሲስቅበት የነበረው የተቆራረጠውን ነበር ማለት ነው።

ጥቁርና ነጩ በድህነት ምክንያት ብቻ የተመረጠ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ የ2023ቱን «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» አቀርብለታለሁ። በ2024 በልዩ ትዕይንት ኦስካር ያሸነፈ፣ የዘመኑን ኮምፒውተር የተጠቀመ ባለቀለም ፊልም ነው። ሠሪዎቹ ግን ጥቁርና ነጭ ቅጂውንም አዘጋጅተው ሲኒማ ቤት አስገቡት። ቀለም በእጃቸው እያለ ማለት ነው።

ጊዜ አግኝታችሁ አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ የ1954ቱን ጎጂራ እዩ። 96 ደቂቃ ነው። በጃፓንኛው ድምፅ፣ ከሥሩ ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። ሬይመንድ በር ብቅ ካለባችሁ የተሳሳተውን ቅጂ ነው የከፈታችሁት፤ ዝጉትና ዋናውን ፈልጉ። መብራት አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ፣ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ታገሱ። ከዚያ በኋላ ሳቅ ከመጣላችሁ ሳቁ።