ማር ይቀመስ ወይስ ታሽጎ ይሸጥ?

በጅማ የእደ ጥበብ ባዛር ላይ አንዲት ሴትና በዕድሜ የሚበልጧት አንድ ሰው ጎን ለጎን ማር ይሸጣሉ። እሷ ለሚያልፈው ሁሉ ታስቀምሳለች፤ እሳቸው ክዳን አይከፍቱም። ጠረጴዛ ላይ የጀመሩትን ክርክር በጽሑፍ እንዲቀጥሉት ጠየቅናቸው።

አስቀማሿ፦ ጋሼ፣ ከጎናችን ያለውን በርጩማ ሻጭ ይመልከቱልኝ። ገዢው ሳይከፍል ይቀመጥበታል፣ ያወዛውዘዋል፣ ገልብጦ እግሩን ያያል። ማር ሲሆን ነው እንዴ "አምነህ ውሰድ" የሚባለው?

የእኛ አገር ማር አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፣ ቶሎ ይረጋል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ሲያየው "ይሄማ ስኳር ነው" ብሎ ያልፋል። የኤቢቻው፣ ማለትም የግራዋው፣ ደግሞ መረር ይላል። በድሮው የጌራ መንግሥት ለነገሥታቱ ጠጅ የሚጣለው ከእሱ እንደነበር ብነግረው ገዢው ፈገግ ብሎ ይሄዳል። በስንጥር ጫፍ ሲቀምስ ግን ይቆማል፣ ይጠይቃል። ኪሳራውን ካሉኝ፣ አንድ ቅምሻ 2 ግራም ቢሆን ከአንድ ኪሎ 500 ሰው ይቀምሳል።

የማያስቀምሱት፦ ልጄ፣ በርጩማ ቢቀመጡበት አይጎድልም።

500 ያልሽው በወረቀት ላይ ነው። እኔ የማየው መዳፉን ዘርግቶ "ጨምሪበት እንጂ" የሚለውን፣ ልሶም "ዞሬ እመጣለሁ" የሚለውን ነው። ይሁን፣ ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና በዚህ አልጣላሽም።

የምጣላሽ በምላስ ነው። ስኳር የገባበት ማር ሽታውም ጣፋጭነቱም አለ፤ አላዋቂ ምላስ አይለየውም። እንዲያውም መራራው የኤቢቻ ማር ከተበረዘው ጎን ቢቀርብ የሚሸነፈው እውነተኛው ነው። ክብሪት መጫርም፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግም ማስረጃ አይሆንም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ገዢውን "ቅመስና እመን" ብለሽ ስታስለምጂው፣ ነገ አጭበርባሪውም ያስቀምሰዋል። እኔ ብልቃጡ ላይ ከየት ጫካ እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ ስልኬን ጭምር እጽፋለሁ። ጉድ ካገኘበት መጥቶ ይውቀሰኝ።

ደግሞ የጅማን ዝናብ አትርሺ። ክፍት ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ከመቶ 20 ሲያልፍ መፍላት ይጀምራል። ባለፈው ባዛር ደግሞ አንቺ መልስ ስትቆጥሪ፣ አንዷ እናት ስንጥሩን ላዘለችው ሕፃን አፍ ስታደርግ ያየሁት እኔ ነኝ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ክልክል ነው።

አስቀማሿ፦ የሕፃኑ ነገር ልክ ነዎት፤ ያን ቀን አላየሁም። ለትልቅ ሰው ምንም የማያደርገው፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣው የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ እንደሚያበቅል የጤና ባለሙያ ካስረዳኝ ወዲህ፣ "ከ1 ዓመት በታች አይቀምስም" የሚል ካርቶን በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፌ ሰቅያለሁ። ልጅ ያዘለች ስትመጣም አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

የቀረውን ግን አልቀበልም። እኔ ንጽሕናን በምላስ ላስመሰክር አልተነሳሁም፤ ለንጽሕናው ስሜ አለ። ቅምሻ የሚነግረው ጣዕሙን ነው፤ ሰውየው ለቁርሱ ይወደዋል ወይ? ለዚህ ምላስ ካልተጠየቀ ማን ይጠየቅ? ነጩን አስቀድማለሁ፣ ጠቆር ያለውን መጨረሻ ላይ አመጣለሁ፣ መሀል ላይ ውሃ እሰጣለሁ። ስንጥር አንዴ አፍ ከነካ ወደ ቆሻሻ ነው። የቅምሻው ብልቃጥ ትንሽ ነው፣ በየመሀሉ ይከደናል፤ ማታ የተረፈው ወደ ሽያጩ አይመለስም፣ ቤት ሄዶ ብርዝ ይሆናል። እርጥበቱ የት ይገባል?

ደግሞስ ጅማ ተቀምጠን ቅምሻን እንነቅፋለን? ቡናችን እኮ ተቀምሶ ነው ደረጃ የሚወጣለት።

የማያስቀምሱት፦ የቡና ቀማሾች የሠለጠኑ ናቸው፤ ቀምሰውም ይተፉታል። ያንቺ ቀማሽ ይውጥና "ያንኛውንስ?" ይላል።

ሥርዓትሽን አልጠላሁትም። ግን ባዛሩ ያንቺ ጠረጴዛ ብቻ አይደለም፤ ወዲያ ማዶ በአንድ ማንኪያ ሰልፍ ሙሉ ሰው ሲያስቀምሱ አይተሻል፣ ዝንቡንም አይተሻል። "እሷ ጋ ቀምሻለሁ" ያለ ሰው እዚያም አፉን ይከፍታል። መቅመስ ለፈለገ እኔ 100 ግራም የምትይዝ ብልቃጥ አለችኝ። ጥቂት ብር ይከፍላል፣ ቤቱ ሄዶ በዳቦ ይበላታል፣ ከወደደ ለኪሎው ይመለሳል። በሩጫ ከተላሰው ይልቅ ያኛው ነው ቅምሻ።

አስቀማሿ፦ ጋሼ፣ ትንሿ ብልቃጥዎ ጥሩ ናት፤ እኔም ሳልሠራት አልቀርም። ግን ቅዳሜ ዕለት ሦስቱን የገዙዎትን ሰዎች ያስታውሷቸዋል? ሦስቱም ከእኔ ጠረጴዛ ቀምሰው ነው ወደ እርስዎ የዞሩት።